ክሪፕቶ ኢንቨስትመንት እያሉ ብር ስለሚበሉ ሰዎች፦ እዚ ሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ቴሌብርም እሰራለሁ። ስልክ ሊያሰሩ የመጡ ሰዎች "እስቲ ይሄን አፕ እየው፣ ብሬ አልወጣ አለኝ" ማለት ከጀመሩ ቆይቷል፣ ከመሃል ሜዳም ከደብረ ሲናም ከሸዋ ሮቢትም የሚደውሉልኝ አሉ። የሁሉም ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ላይ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። እባካችሁ ብር ካስገባችሁ በኋላ ሳይሆን ከማስገባታችሁ በፊት አንብቡት።

ክሪፕቶ ራሱ ውሸት ነው እንዴ?

አይደለም። ክሪፕቶ ማለት በኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ከነሱ አንዱ ቢትኮይን እውነት ያለ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ እየሰራ ነው፣ ዋጋው ግን ገበያ ስለሚወስነው ይወጣል ይወርዳል፣ በ2022 ብቻ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ስለዚ በእውነተኛው ክሪፕቶም ቢሆን በየቀኑ ትርፍ ብቻ የሚባል ነገር የለም። ዩኤስዲቲ የሚባለው ክሪፕቶ ደግሞ ከዶላር ጋር እኩል እንዲሄድ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ዛሬ አንድ ዶላር ነው ነገም አንድ ዶላር ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ የሚመጡት አፖች በብዛት "በዩኤስዲቲ ዲፖዚት አርግ፣ በቀን ይሄን ያህል ይወልድልሃል" ነው የሚሉት። ባለበት እንዲቆም የተሰራ ነገር እንዴት አርጎ ነው በየቀኑ የሚወልደው? ሌቦቹ ክሪፕቶ የሚለውን ስም ነው የሚፈልጉት፣ ሰው ስሙን ሰምቷል፣ አሰራሩን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም።

በቀን 3 ፐርሰንት እኮ ትንሽ ነው፣ ምን ያስፈራል?

ካልኩሌተር አውጡና ሞክሩት። 1,000 ብር አስገብታችሁ በየቀኑ 3 ፐርሰንት እየተጨመረበት፣ ትርፉም ሳይወጣ እዛው ላይ እየተደመረ ቢሄድ በአመቱ ከ48 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ከአንድ ሺ ብር! ባንክ ለቁጠባ በአመት የሚሰጣችሁ 7 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ እነዚህ በሶስት ቀን ከዛ በላይ እንሰጣለን እያሉ ነው። እንደዚ አይነት ስራ በእጁ ያለው ሰው ቴሌግራም ላይ የናንተን 3,000 ብር ሲለምን አይውልም።

ግን እኮ ጓደኛዬ ሲያወጣ በአይኔ አይቻለሁ!

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄን ነው፣ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስበላውም ይሄው ነው። አዎ አውጥቷል፣ አልዋሸም። ጥያቄው ያወጣው ብር ከየት መጣ ነው። ከኋላው ከገባው ሰው ነው የመጣው። እ.ኤ.አ በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ45 ቀን 50 ፐርሰንት ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ከሺዎች ብር ሰብስቦ ነበር፣ ለመጀመሪያዎቹ በትክክል ከፈለ፣ የከፈለው ግን ከኋለኞቹ ብር ላይ ነው፣ በወራት ውስጥ ሁሉም ነገር ፈረሰ። ያኔ አፕም ቢትኮይንም አልነበረም፣ ዛሬም የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው።

ባለፈው ከሸዋ ሮቢት የመጣ ልጅ ነበር። መጀመሪያ 3,000 ብር አስገባ፣ በሳምንቱ 600 ብር አወጣ፣ ቴሌብሩ ላይ ገባለት፣ ደስ አለው። እንደገና 900 አወጣ። ከዛ በኋላ የሽንኩርት ተሸጦ የመጣውን 140 ሺ ብር፣ የሱ ብቻ አይደለም የአባቱም ድርሻ ያለበትን፣ ባንዴ አስገባው። ያቺ 600 ብር የተሰጠችው ለዚህ ቀን ነበር። የማጥመጃ እህል ናት። ስልኩን ሳየው የገባበት ግሩፕ በሙሉ ስክሪንሾት ነው፣ "ተከፈለኝ፣ ተመስገን" የሚል፣ ስንቱ እውነተኛ ሰው እንደሆነ ስንቱ ደግሞ አድሚኑ በሌላ አካውንት የጻፈው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ሰው አምጡ የሚሉትም ለዚሁ ነው። አንድ ሰው 5 ሰው ያምጣ፣ አምስቱም እያንዳንዳቸው 5 ያምጡ እያለ ቢሄድ 9ኛው ደረጃ ላይ ብቻ 1,953,125 ሰው ያስፈልጋል። በ1999ኙ ቆጠራ የአማራው ሰሜን ሸዋ ህዝብ በሙሉ፣ ከህጻን እስከ ሽማግሌ፣ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ስለዚ ይሄ ነገር የግድ አንድ ቀን ይቆማል፣ የቆመ ቀን ደግሞ ከታች ያለው፣ ማለትም አብዛኛው ሰው፣ ባዶ እጁን ይቀራል።

ያስገባኝ ሰው ወንድሜ ማለት ነው፣ እሱ አይሸውደኝም። ታዲያ እንዴት ሌብነት ይሆናል?

እሱ አልሸወዳችሁም፣ እሱም ተሸውዷል። እኛ ሃገር ይሄ ነገር የሚገባው በማናውቀው ሰው በኩል ሳይሆን በእቁብ ጓደኛ፣ በማህበር፣ በአክስት ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲ ዶርም በኩል ነው። ሰው አፑን አይደለም የሚያምነው፣ የጋበዘውን ሰው ነው፣ እንቢ ማለትም ይከብደዋል፣ "ለኔ አስቦ ነው" ይላል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። እኔ ሁሌ የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ታማኝ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ታማኝ ሊሆን ይችላል። የምትጠይቁት "ይሄ ትርፍ ከምን ስራ ነው የሚመጣው? ማን ነው የሚከፍለው?" ብላችሁ ነው። እቁብ ላይ 20 ሰው በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥል የሚወጣው 10,000 ብር ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፣ ዳኛውም ጸሃፊውም ይታወቃሉ፣ ከዛ ላይ አንድ ሳንቲም አይወልድም። ለዚህኛው ግን መልሱ "ኤአይ ነው የሚነግደው" "ሲስተም ነው" "አንተ ብቻ ዝም ብለህ ታስክ ስራ" ከሆነ መልስ የላቸውም ማለት ነው።

አፑ ላይ ብዙ ዶላር አለኝ፣ ለማውጣት ግን መጀመሪያ ታክስ ክፈል አለኝ። ልክፈል?

አትክፈሉ። አምስት ሳንቲም አትጨምሩ።

አንዲት እናት ቅዳሜ ገበያ ውለው ሲመለሱ ወደኔ መጡ፣ አረቄ አውጥተው ነው የሚሸጡት፣ ልጃቸው ሳውዲ ናት። የላከችላቸውን ብር የጎረቤት ልጅ ነው አፑ ላይ ያስገባላቸው። ስልኩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጡኝ። ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ 1,148 ዶላር ይላል፣ ከስሩ ዊዝድሮው የሚል በተን አለ፣ ስነካው "ፔንዲንግ" ይላል፣ ከዛ ከከስተመር ሰርቪስ መልእክት መጣ፣ "ውድ ተጠቃሚ፣ መለያዎ በአደጋ ቁጥጥር ስር ነው፣ 15 ፐርሰንት የግል ግብር በ24 ሰአት ውስጥ ያስገቡ።" አማርኛው ራሱ ሰው የጻፈው አይመስልም። 15 ፐርሰንቱ 172 ዶላር ይሆናል፣ እሳቸው ልጃቸው ጋ ደውለው ሊበደሩ ነበር። እኔ በሳቸው ስልክ "ካለኝ 1,148 ላይ ታክሱን ቆርጣችሁ ቀሪውን ላኩልኝ" ብዬ ጻፍኩ። "ሲስተሙ አይፈቅድም" አሉ። አንድ ሰው እውነት ብራችሁን ይዞ ከሆነ ከዛ ላይ መቁረጥ ለምን ያቅተዋል? ብሩ ስለሌለ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ ማንም አፕ የሚሰራ ሰው የፈለገውን ቁጥር ይጽፋል።

መጀመሪያ ያስገቡበትን የዋሌት፣ ማለትም ክሪፕቶ የሚቀመጥበትን ቦርሳ፣ አድራሻ ደግሞ ትሮንስካን የሚባል የክሪፕቶ ዝውውር የሚያሳይ ዌብሳይት ላይ አስገብተን አየነው፣ ማንም ሰው በነጻ ማየት ይችላል። ብሩ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ ወደ ሌላ ዋሌት ሄዷል። አፑ ላይ ግን አሁንም "ትሬድ እየተደረገ ነው" ይላል። እማማን ቁጭ አርጌ ይሄን ሳስረዳቸው ዝም ብለው ስልኩን ያዩት ነበር፣ ከዛ "ልጄ እንዳትሰማ" አሉኝ። እንድትሰማ ነገርኳት፣ በሳቸው ፈቃድ፣ ምክንያቱም ባትሰማ ኖሮ ያንን 172 ዶላር ልትልክ ነበር።

ታክስ ብቻ አይደለም፣ "ማረጋገጫ ዲፖዚት" "ቪአይፒ 3 ካልገባህ አይወጣም" "አካውንትህ ታግዷል ማስከፈቻ" የሚሉትም አንድ ናቸው። ግብር የሚሰበስበው ገቢዎች ነው፣ በዩኤስዲቲ ወደ ማይታወቅ ዋሌት ላክ ብሎ አያውቅም።

ቢሮ ከፍተዋል፣ ፈቃድም ለጥፈዋል፣ ለአረጋውያንም ዘይትና ዱቄት ሰጥተዋል እኮ

ቢሮ መከራየትና ቲሸርት ማሳተም በሚሰበሰበው ብር ላይ ኢምንት ነው። ዋንኮይን የሚባለውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ በ2014 ከቡልጋሪያ ተነስቶ በአለም ዙሪያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የበላ ነው። መስራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ በ2016 ለንደን ዌምብሌይ አሬና ላይ በሺዎች በሚቆጠር ሰው ፊት ቆማ ንግግር አርጋለች፣ በ2017 ጠፋች፣ በ2022 ኤፍቢአይ በጣም ከሚፈልጋቸው 10 ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባት፣ አብሯት የመሰረተው ሰውዬ ደግሞ በ2023 የ20 አመት እስር ተፈርዶበታል። ሲጣራ ሰው የገዛው ኮይን የሚባል ነገር በእውነተኛ ብሎክቼይን፣ ማለትም የክሪፕቶ ዝውውር በሚመዘገብበት የጋራ መዝገብ፣ ላይ አልነበረም። ዌምብሌይን የሚከራይ ሌባ ካለ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ክፍል መከራየት ምን ይከብዳል?

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት የእንግሊዝ ወይ የአሜሪካ የካምፓኒ ምዝገባ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ካምፓኒ በኦንላይን ማስመዝገብ ለረጅም ጊዜ 12 ፓውንድ ነበር፣ ምዝገባ ማለት ደግሞ ከሰው ብር ሰብስብ ተብሎ መፈቀድ ማለት አይደለም። የንግድ ፈቃድም ቢሆን "የሶፍትዌር ስራ" ወይ "የማማከር" የሚል ይሆናል፣ በደንብ አንብቡት።

በህግ እንዴት ነው? ክሪፕቶ እኛ ሃገር ይፈቀዳል?

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ግልጽ አርጓል፣ የሃገሪቱ መገበያያ ብር ነው፣ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸምና ብር ማስተላለፍ አልተፈቀደም ብሏል። ሰው በሰው ላይ እየደራረበ የሚሄደው የፒራሚድ ሽያጭ ደግሞ በአዋጅ 813/2006 የተከለከለ ነው፣ በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልም በአዋጅ 958/2008 ወንጀል ነው። ሰዉን ኢንቨስት አርጉ ብሎ በአክሲዮን መልክ ብር የሚሰበስብ ከሆነ የካፒታል ገበያ ባለስልጣን የሚባል አለ፣ እሱን መጠየቅ ነው። "ብሔራዊ ባንክ ፈቅዶልናል" ሲሏችሁ ባንኩ ዌብሳይቱ ላይ ፈቃድ የሰጣቸውን በዝርዝር ስለሚያወጣ እዛ ፈልጓቸው።

ቢትኮይን ማይኒንግ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ ይባላል፣ ታዲያ የማይኒንግ ሼር ብገዛስ?

ማይኒንግ፣ ማለትም በማሽን ቢትኮይን ማውጣት፣ አለ፣ እውነት ነው፣ ኤሌክትሪክ ኃይል በውል ለካምፓኒዎች መብራት ይሸጣል፣ ክፍያውም በዶላር ነው። ኮንቴነር ሙሉ የሚጮህ ማሽን፣ ከሰብስቴሽን አጠገብ። እንደዛ የሚሰራ ካምፓኒ በቴሌግራም ሊንክ በ500 ብር ማሽን አያከራይም። "ማሽን ገዛሁ" የሚሏችሁ አፑ ላይ የሚሽከረከር ስዕል ነው። እነዚያ በ2016 ዓ.ም ሁሉም ሰው ሲነካካቸው የነበሩት የቴሌግራም ታፕ ታፕ ጌሞችም ሌላ ናቸው፣ ብር ካላስገባችሁበት የምትከስሩት ጊዜና ዳታ ነው፣ አደጋው በነሱ ስም ተመሳስሎ የሚመጣው ሊንክ ላይ ነው፣ "ኮይንህን ለመቀበል ዋሌትህን ኮኔክት አርግ" የሚለው።

12ቱን ቃላት ስጠኝ ቢለኝስ?

ለማንም። ዋሌት ስትከፍቱ የሚሰጧችሁ 12 ወይ 24 ቃላት የቤታችሁ ቁልፍ ናቸው፣ የያዘው ሰው ሁሉንም ይወስዳል። ከስተመር ሰርቪስ ነኝ ቢልም፣ አድሚን ነኝ ቢልም። የቴሌብር ፒንና በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድም እንደዛው።

ፌስቡክ ላይ የተዋወቅኳት ልጅ ናት ያሳየችኝ፣ ብር ጠይቃኝ አታውቅም

መጀመሪያ አትጠይቅም፣ ለዛ ነው የሚያምኗት። ሳምንት ሁለት ሳምንት "እንዴት አደርክ፣ በላህ ወይ" ትላለች፣ ፎቶ ትልካለች፣ ከዛ በወሬ መሃል አጎቴ ትሬድ ያረጋል እኔም ትንሽ ትንሽ አተርፋለሁ ትላለች። ቪዲዮ ኮል ስትሏት ኔትወርክ የለም። ሰው እንደ አሳማ አቀልበው አቀልበው ነው የሚያርዱት፣ ስሙንም ራሳቸው "አሳማ ማረድ" ብለው ከዛው ነው ያወጡት።

እዚ ላይ ከልቤ የምናገረው አለ። ከጀርባ ሆነው የሚጽፉት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ተታለው የተወሰዱ ናቸው። ታይላንድ ጥሩ ደሞዝ ያለው የኮምፒውተር ስራ አለ ተብለው ሄደው ድንበር ተሻግረው ማይናማር ውስጥ ተቆልፎባቸው በቀን ይሄን ያህል ሰው አምጡ እየተባሉ የሚደበደቡ ልጆች። በየካቲት 2017 ከዛ ከወጡት 260 ገደማ የብዙ ሃገር ሰዎች መካከል ትልቁን ቁጥር የያዙት ኢትዮጵያዊያን ነበሩ። ስለዚ "ታይላንድ ስራ፣ ቪዛና ትኬት በኛ" የሚል ነገር ከመጣላችሁ ይሄም የዚሁ ታሪክ ሌላው ጫፍ ነው፣ እህት ወንድሞቻችሁን አስቁሙ።

ኢሎን መስክ በቪዲዮ "ብትልክልኝ እጥፍ እመልሳለሁ" ሲል አየሁ

በኤአይ የተሰራ ነው። ድሮም እ.ኤ.አ በ2020 የነ ኦባማን፣ የነ ቢል ጌትስን ትዊተር ሰብረው ገብተው ይሄንኑ ጽፈው በሰአታት ውስጥ ከ100 ሺ ዶላር በላይ ሰብስበዋል። ላክና እጥፍ ውሰድ የሚባል ነገር የለም፣ በቃ።

ለኤጀንትነት አካውንትህን ስጠን፣ ኮሚሽን እንሰጥሃለን አሉኝ

ይሄ ወጣቶቹን ነው የሚያስፈራኝ፣ ስራ የሌለው ልጅ ነው የሚገባበት። ሰዉ የተበላው ብር በናንተ የባንክ አካውንት አልፎ ነው የሚሄደው፣ ፖሊስ ሲያጣራ የሚያገኘው ስም ቴሌግራም ላይ ያለውን አድሚን ሳይሆን የናንተን ነው፣ ከነፎቶ ከነመታወቂያችሁ። አላወቅኩም ማለት ብዙ ላይረዳችሁ ይችላል፣ በወንጀል የተገኘ ብር ማስተላለፍ ራሱን የቻለ ህግ አለው። አካውንታችሁን ለማንም አታውሱ። በፒቱፒ፣ ማለትም ሰው ለሰው በቀጥታ፣ ዩኤስዲቲ ሸጬ ነው ብትሉም የማታውቁት ሰው የላከው ብር የተሰረቀ ከሆነ አካውንታችሁ ይታገዳል።

ተበልቻለሁ። አሁን ምን ላርግ?

በመጀመሪያ ተጨማሪ ብር አለመላክ። ግሩፑን ግን ቶሎ ለቃችሁ አትውጡ፣ መጀመሪያ ቻቱን፣ የአፑን ስክሪን፣ ብር የላካችሁበትን አካውንት ቁጥርና ስም፣ ዋሌት አድራሻውንና የትራንዛክሽን ቁጥሩን ስክሪንሾት አርጉ፣ እነሱ ሲያመልጡ ሁሉንም ያጠፉታል። ብሩ የሄደው በባንክ ወይ በቴሌብር ከሆነ ሰአት ሳታሳልፉ ደውሉ፣ ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127፣ ተቀባዩ አካውንት ላይ ካለ ሊደረስበት የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰአታት ነው። በክሪፕቶ ከሄደ መመለሱ በጣም ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ከዛ ፖሊስ ጋ፣ የተበላችሁት ብዙ ሆናችሁ አንድ ላይ ብትሄዱ ይሻላል።

ስልኩንም አጽዱት። አፑ ከፕሌይስቶር ሳይሆን በሊንክ የወረደ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ከሆነ አጥፉት፣ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ላይ ገብታችሁ የፈቀዳችሁለትን ዝጉ፣ የባንክና የቴሌብር ፒን ቀይሩ፣ ከተቻለ በሌላ ስልክ ሆናችሁ።

"የጠፋውን ብርህን እናስመልሳለን" የሚሉትስ?

እነሱም ያው ናቸው። የተበላ ሰው ስም ዝርዝር ይሸጣል። ሃከር ነኝ፣ ጠበቃ ነኝ፣ ኢንተርፖል ነኝ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ሁለተኛ ሊበላችሁ ነው።

እኔ ራሴ ሰው አስገብቻለሁ፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ዛሬውኑ ንገሯቸው፣ አፑ ሳይዘጋ። ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ከብሩ በላይ የሚያመው ይሄ ነው። ግን አሁን ዝም ካላችሁ እነሱም ሌላ ሰው ያስገባሉ። እኛ ሰፈር አንድ ጋሼ አሉ፣ ጡረታ የወጡ፣ 8 ሰው አስገብተው ነበር፣ ሁሉም የእድራቸው ሰዎች ናቸው። እሁድ የእድር ስብሰባ ላይ መዋጮው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ እጃቸውን አወጡና ተነሱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ "ያስገባኋችሁ እኔ ነኝ፣ ተታልያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ማንም አንድ ብር እንዳይጨምር" አሉ። ትንሽ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ጠዋት ከማህበሩ ብር ላይ ሊልክ ያዘጋጀውን 25 ሺ ብር ለጎኑ ሰው አሳየው፣ ከዛ ሰረዘው።